ብርዱን ያስወጣልኝ የማዳበሪያ ኮርኒስ

እናቴ አምና ኅዳር ላይ ከናዝሬት ጠቅልላ እኔ ጋ መጣች። አርባ ዓመት ሙቀት አገር የኖረች ሴት ናት። በመጀመሪያው ጠዋት ጋቢዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ አልጋው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሌሊቱን አልተኛችም። «ልጄ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ ሜዳ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ሱሉልታ ነው። ከአዲሱ ገበያ የእንጦጦን ዳገት ወጥታችሁ በጎጃም መንገድ ስትወርዱ የምታገኙት ሰፊ ሜዳ ላይ። ሯጮች ልምምድ የሚሠሩበት አገር ነው። ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በእኛ በኩል ነፋሱን የሚያግድ አንድ ዛፍ እንኳ የለም። ቤቱ እንጨትና ጭቃ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩና ሁለቱ መስኮቶች ላሜራ፣ ወለሉ ሊሾ። ኮርኒስ አልነበረውም። ከባለቤቴ ጋር ስንሠራው ብሩ ጣሪያው ላይ አለቀና «ኮርኒሱ በኋላ» አልን። ያ በኋላ 9 ዓመት ፈጀ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ማሽኔ ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው። የበዓል ሥራ ሲበዛ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት እሰፋለሁ። ጣቴ ደንዝዞ ክሩን መርፌ ውስጥ ማስገባት ያቃተኝ ብዙ ሌሊት አለ። ለራሴ ግን ችዬው ነበር። ጋቢ ደርቤ፣ ካልሲ ደርቤ አሳልፈው ነበር። የተነሣሁት ለእናቴ ስል ነው። እቁብ ደርሶኝ ስለነበር 10,000 ብር ለየሁና ቤቱን በዚህ ብር አሞቀዋለሁ አልኩ። የገዛሁትን፣ ያሠራሁትንና የተሳሳትኩትን ሁሉ እነግራችኋለሁ። የእኔ ዓይነት ቤት ያላችሁ፣ ሰንዳፋም ሁኑ ለገጣፎ፣ ቡራዩም ሁኑ እንጦጦ ሥር፣ የሚጠቅማችሁ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሂተር ገዛሁ። መሃል ከተማ ካለ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ፣ በ5,200 ብር። 2,000 ዋት ነው፣ ሙቅ አየር የሚነፋ ዓይነት። ሻጩ በ5 ደቂቃ ቤቱን ያሞቀዋል አለኝ። ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሰው እውነትም ወዲያው ይሞቀዋል። ግን ቁርጭምጭሚቱ እየነደደ ጀርባው ይበርደዋል። ሲጠፋ ደግሞ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ወደነበረበት ይመለሳል። ሙቀቱ ሽቅብ ወጥቶ፣ በግድግዳውና በቆርቆሮው መሃል ባለው ክፍተት ሾልኮ ይሄዳል። ከፍዬ የማሞቀው ሜዳውን ነበር።

ሂሳቡን ሥሩት። 2,000 ዋት በአንድ ሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ካበራችሁት 8 ነው። በወር 240። የመብራት ታሪፉ ደግሞ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚወደድበት ነው። የካርድ ቆጣሪያችን በዚያ ሳምንት ሲወርድ በዓይኔ እያየሁት ነበር። በ9ኛው ቀን ማታ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ሂተሩን የሰካሁበት ኤክስቴንሽን ቀልጦ ነበር። እንዲህ ዓይነት ዕቃ 9 አምፔር ያህል ይስባል፣ ቀጭን ሽቦ አይችለውም። ይህን ሲሸጥልኝ ማንም አልነገረኝም። መልሱልኝ ብል ሱቁ «የተሸጠ አይመለስም» አለ። ፀጉር ቤት ላላት ጎረቤቴ በ3,500 ብር ሸጥኩላት። እሷ ግድግዳው ላይ ባለ ወፍራም ሶኬት ሰክታ ለደንበኞቿ እግር ትጠቀምበታለች፣ ለዚያ ጥሩ ነው። ነፋስ ለሚያስገባ ቤት ግን አትግዙት።

1,700 ብር ከከሰርኩ በኋላ ሁለት ነገር አደረግኩ። አንደኛ፣ ከመርካቶ ትንሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዛሁ፣ 400 ብር። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቅንጦት ያየዋል። ለእኔ ግን ዳኛ ሆነልኝ። አንድ ነገር ከሠራሁ በኋላ «ሞቀ መሰለኝ» ማለት ቀረ። በኅዳር መጨረሻ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ውጭው 4 ዲግሪ፣ ሳሎኑ 9 ዲግሪ ነበር። እናቴ የምትተኛበት ክፍልም 9። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የቤትና የጤና መመሪያ በቅዝቃዜ ወቅት ቤት ውስጥ ቢያንስ 18 ዲግሪ ይሁን ይላል። ለአዛውንትና ለሕፃን ደግሞ ከዚያም በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። እናቴ 9 ላይ ነበር የምታድረው።

ሁለተኛ፣ ሰንደል ለኮስኩ። ነፋስ ባለበት ማታ መብራቱን አጥፍቼ፣ የሚጨሰውን ሰንደል በበሩ፣ በመስኮቱና በግድግዳው ጥግ ሁሉ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ልጄ የእጅ ባትሪ ይዞ ያበራልኛል። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ጎንበስ ካለ እዚያ ነፋስ አለ። በየቦታው በጠመኔ ምልክት አደረግን። 23 ቦታ ሆነ። ጠቅላላ ወጪው አንድ ሰንደል ነው። ከሁሉ በፊት ይህን አድርጉ፣ የት እንደሚገባ ሳታውቁ አንድ ብር አታውጡ።

ላሜራ በርና መስኮት ያለው ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ብረቱ ከፍሬሙ ጋር አይገጥምም። በእኔ መስኮት ትንሿ ጣቴ ትገባ ነበር። ጎረቤቶቼ ስፖንጅ ይለጥፉበታል። እኔም ሞክሬው አውቃለሁ። ስፖንጅ በመጀመሪያው ወር ጥሩ ነው። ከዚያ ተጨፍልቆ ይቀራል፣ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ እንደ ኩኪስ ይፈረፈራል። ባለቤቴ ሹፌር ነው። «የመኪና በር ላይ ያለው ጎማስ?» ያለኝ እሱ ነው። የመኪና በር ጎማ ውስጡ ክፍት ነው፣ ሲጫኑት ይተኛል፣ ሲለቁት ይነሣል። ነፋስና ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ከተፈታ መኪና የወጣ አሮጌ ጎማ በ600 ብር አመጣልኝ። ለበሩና ለሁለቱ መስኮቶች በቅቶ ተርፏል።

አለጣጠፉ ላይ ጊዜ ስጡት። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት፣ ዝገቱና የተላጠው ቀለም ይውጣ። በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ጥረጉት። ማስቲሹን ጎማውም ላይ ብረቱም ላይ ቀቡና 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። እጅ ላይ መጣበቅ ሲያቆም ነው የሚገጠመው። እኔ የመጀመሪያውን መስኮት ቸኩዬ እርጥቡን ገጠምኩት፣ በሁለተኛው ቀን ወደቀ። ሌሎቹ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ንቅንቅ አላሉም። የመስታወቱን ዙሪያ በሲሊኮን ዘጋሁት። ማስቲሹ 150፣ ሲሊኮኑ 350 ብር ፈጀ።

የበሩ ሥር ቀረ። እዚያ ጎማ አይሆንም፣ ወለሉ እኩል አይደለም። ከአሮጌ ጂንስ እግር አንድ ረጅም ትራስ ሰፋሁ። ከታች አሸዋ፣ ከላይ ከስፌት የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሞላሁት። አሸዋው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ማታ በሩ ሥር ይተኛል፣ ቀን ግድግዳው ጋ ይቀመጣል። እስካሁን ለጎረቤት ስድስት ሰፍቻለሁ። ጨርቁን ካመጡልኝ አላስከፍልም።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ጠዋት ላይ 10 ዲግሪ ተኩል አገኘሁ። አንድ ዲግሪ ተኩል ብቻ ነው የጨመረው። ቅር አለኝ። እናቴ ግን ቁጥሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። «ፊቴ ላይ ሽው የሚለው ቀረ» አለች። እውነቷን ነው። የሚንቀሳቀስ አየር ከቆመ አየር ይልቅ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ቁጥሩ ብዙ ሳይለወጥ ሰው ግን ይሻለዋል።

አሁን የምነግራችሁን ግን ሌላውን ባታነቡ እንኳ አንብቡልኝ።

በሩና መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ባለው እሑድ ማታ ቡና አፈላን። ምድጃችን ላቀች ነው። ከሰል የሚቆጥብ ጥሩ ምድጃ ነው፣ በእሱ ቅሬታ የለኝም። ቡናው አልቆ ፍሙ ገና ቀይ ነበር። ልማዳችን ፍሙን ለሙቀት ቤት ውስጥ መተው ነው። ጭስ የለውም፣ ፍም ብቻ ነው፣ ምን ያደርጋል? ወደ እናቴ እግር አስጠጋሁት። በሩን ዘግቼ ትራሱን ሥሩ አስተኛሁና ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ልጄ «አስመለሰኝ» አለ። እናቴ «ራሴን፣ ራሴን» አለች። ብርድ መስሎኝ ሻይ ላፈላ ተነሣሁ። ስነሣ ዞረብኝ። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ያኔ ነው የገባኝ። ሦስት ሰው በአንድ ደቂቃ ጉንፋን አይይዘውም። በሩን በርግጄ ሁለቱንም ጎትቼ ግቢ አወጣኋቸው። በዚያ ብርድ፣ በባዶ እግር። ከዚያ በጎረቤት ባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድን። ቶሎ በመውጣታችን ተርፈናል።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ቀድሞ ይይዝበታል። የመያዝ ኃይሉም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። የተኛ ሰው ደግሞ ራሱን እንደሚያመው እንኳ ሳያውቅ ያልፋል። ጭሱ አለቀ ማለት ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም። ቀይ ፍምም ያወጣል፣ አመድ የለበሰ ረመጥም ያወጣል። በየዓመቱ በዚህ ወቅት «ከሰል አፍኗቸው» የሚል መርዶ የምንሰማው ለዚህ ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ነገር ይህ ነው። በዚያ ቤት 9 ዓመት ሙሉ ፍም አስገብተናል። ያዳነን ስሰድበው የኖርኩት ነፋስ ነበር። ስንጥቁን ስዘጋ መውጫውንም ዘጋሁት። ስለዚህ ቤታችሁን የምትዘጉ ሁሉ፣ በዚያው ቀን ከሰልን ከቤት አስወጡ። ቡና ሲፈላ በሩ ገርበብ ይበል። ከሰሉ ውጭ ይያያዝ። ቡናው ሲያልቅ ምድጃው ከነፍሙ ይውጣ። ከሰል ባለበት ቤት ማንም አይተኛ። በእኛ ቤት አሁን የመጨረሻውን ስኒ ሳንጠጣ ልጄ ራሱ «እማ፣ ምድጃው» ይለኛል።

ከዚህ በኋላ ሌላ የሚሞቅ ነገር ፍለጋ ተውኩ። ያለው ሙቀት የት እንደሚሄድ ማየት ያዝኩ። ጎረቤቴ የኮርኒስ ባለሙያ አገናኘችኝ። ወጣት ልጅ ነው፣ ዝም ያለ። ገብቶ ቆመ፣ በሩን ከፈተ ዘጋ፣ ጎማውን ነካ። «እትዬ፣ ይሄን ጥሩ አድርገው ዘግተዋል። ሙቀቱ ግን በዚህ ነው የሚሄደው» ብሎ በጣቱ ሽቅብ አሳየኝ። ወደ እናቴ ዞሮ ደግሞ «እማማ፣ ሌሊት ጠብታ ያርፍብዎታል አይደል?» አላት። እናቴ በአድናቆት አየችው። እውነት ነው፣ ሌሊት ትንፋሻችን ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ይሆንና ንጋት ላይ አልጋ ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ጣሪያው የሚያፈስ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሚስማሩን አስመትቻለሁ።

ቆርቆሮ እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ያ ሽፋን የለም። ሐምሌ ላይ የማናየውን ውርጭ ታኅሣሥ ላይ ሣሩ ላይ የምናየው ለዚህ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቤት በቀጥታ ከዚያ ብረት ሥር ነው የሚተኛው።

በችፑድ ይሠራ ቢባል ለሁለቱ ክፍል 24,000 ብር እንደሚያስወጣ ነገረኝ። አልችልም። «እንግዲያው ማዳበሪያ» አለ። የማዳበሪያ ኮርኒስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ሰው የድህነት ምልክት አድርጎ ያየዋል። እኔም እውነቱን ለመናገር እንግዳ ሲመጣ ምን ይላል ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነበር። በደንብ የተወጠረና ነጭ ቀለም የተቀባ ማዳበሪያ ከሩቅ አይለይም።

40 የስኳርና የዱቄት ማዳበሪያ ከአዲሱ ገበያ ገዛሁ፣ አንዱን በ40 ብር። የአፈር ማዳበሪያ የነበረበትን አልገዛሁም፣ ሽታው አይለቅም። ሁለቴ በሳሙና አጠብኳቸው፣ አደረቅኳቸው፣ በጎናቸው ተርትሬ ዘረጋኋቸው። ከዚያ በማሽኔ ገጣጠምኳቸው። ወፍራም መርፌ፣ የጂንስ ክር፣ ድርብ ስፌት። ይህን ሥራ ወደድኩት። ስፌት የማትችሉ ከሆነ ባለሙያው ራሱ በእጅ ይሰፋዋል፣ ግን ስፌቱ ሳሳ ስለሚል ነፋስ ያሳልፋል። ልብስ ሰፊ ጋ ውሰዱት፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ሳሎኑ 16 ካሬ ነው፣ አንድ ድርብ አደረግነው። የእናቴ ክፍል 12 ካሬ ነው፣ እሱን ሁለት ድርብ፣ በሁለቱ መሃል አራት ጣት ክፍተት ተትቶ። የቆመ አየር ጥሩ ሽፋን ነው። ባለሙያው መሃሉን ጭድ እንሙላው ብሎኝ ነበር። እንቢ አልኩ። የመብራት ሽቦው በዚያ ያልፋል፣ አይጥ ሽቦ ይቆረጥማል፣ ጭድ ደግሞ እሳት ይወዳል። ማዳበሪያውም ቢሆን ይቃጠላል። ስለዚህ ሽቦውን ሁሉ ቱቦ ውስጥ አስገባነው፣ አምፖሉንም ከኮርኒሱ ዝቅ አድርገን አንጠለጠልነው።

ኮርኒሱ ከመወጠሩ በፊት በግድግዳውና በቆርቆሮው መሃል ያለውን ክፍተት ዘጋልኝ። ቁርጥራጭ ጨርቅ የሞላበት ማዳበሪያ ጠቀጠቀበት፣ በላዩ ላይ በጭድ የቦካ ጭቃ መረገበት። ከኮርኒሱ በላይ ግን በሁለቱ ጫፍ ትንሽ መተንፈሻ ተወ፣ በወንፊት ሽቦ ተሸፍኖ። «ጣሪያው ይተንፍስ እትዬ፣ አለበለዚያ እንጨቱ ይበሰብሳል» አለኝ። ይህን የሚያስብ ባለሙያ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ለሥራው 2,500 ብር ከፈልኩት። ለሞራሌና ለሚስማር 1,650 ወጣ። ከማዳበሪያው ጋር በድምሩ 5,750 ብር። ቅሬታ አለሽ ወይ ብትሉኝ፣ አለኝ። የቀጠረን ቀን አልመጣም፣ ስልክም አላነሣም፣ በማግስቱ መጣ። ግቢውን በእንጨት ፍቅፋቂ ሞልቶት ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ አይጥ ከላይ መሯሯጥ ጀመረች። ድመት አስገባሁ፣ ተሻለ እንጂ ፈጽሞ አልቀረም። በክረምቱ አጋማሽ የሳሎኑ አንድ ስፌት ረገበ። ደወልኩለት፣ መጥቶ ወጠረልኝ፣ ብርም አልተቀበለኝም። ስለዚህ መዘግየቱን ይቅር ብዬዋለሁ።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ታኅሣሥ አጋማሽ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ውጭው 4 ዲግሪ። ሳሎኑ 12 ዲግሪ ተኩል። የእናቴ ክፍል 13 ዲግሪ ተኩል። ምንም የሚነድ ነገር ሳይኖር፣ ቆጣሪው ሳይዞር። ከ9 ተነሥተን ማለት ነው። ጠብታው ቀረ። ዝናብ ሲዘንብም ቤት ውስጥ መነጋገር ተቻለ፣ ያንን አላሰብኩትም ነበር።

የሚሞቅ ነገር የጨመርኩት ከዚህ በኋላ ነው። የሚገርማችሁ፣ ለመጀመሪያው አዲስ ወጪ አላወጣሁም። እንጀራ የምጋግረው ጠዋት ነበር፣ ግቢ ባለው ማድ ቤት። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን፣ በማታ፣ ሳሎን እጋግራለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይበላል፣ ሸክላው ደግሞ ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ያ ሙቀት ድሮም የከፈልኩበት ነው። እንፋሎቱ እስኪወጣ መስኮቱን ትንሽ እከፍታለሁ፣ ካልሆነ ግድግዳው ይሻግታል። የጋገርኩ ማታ ስንተኛ ሳሎኑ 16 ይላል። ምጣዱ በእንጨት ከሆነ ግን ይህን አታድርጉት።

በብሩ ልክ ካየነው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ከመድኃኒት ቤት በ450 ብር የገዛሁት የሙቅ ውሃ ጎማ ነው። ሁለት ሊትር ይይዛል። ማታ ውሃ አፍልቼ ትንሽ አቀዘቅዘዋለሁ፣ ሁለት ሦስተኛ ድረስ እሞላለሁ፣ አየሩን ጨምቄ አስወጥቼ እከድነዋለሁ። በሰፋሁለት የጨርቅ ከረጢት ከትቼ ከመተኛቷ ግማሽ ሰዓት በፊት በእናቴ አልጋ እግርጌ አስገባዋለሁ። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ለብ እንዳለ ነው። ያ ሂተር በአንድ ሰዓት በሚበላው መብራት 20 ሊትር ያህል ውሃ ማፍላት ይቻላል። አስር ጎማ ማለት ነው። ብዙ ሰው በሃይላንድ ጠርሙስ ያደርገዋል። ያ ፕላስቲክ የፈላ ውሃ አይችልም፣ ይኮማተራል፣ ክዳኑም ያፈሳል። አዛውንት አልጋ ውስጥ ከሆነማ አይሆንም። ጎማውንም በባዶው ገላ ላይ አታድርጉት፣ የአዛውንት ቆዳ ሳይታወቅ ይቃጠላል።

መጋረጃውን ከሁለት ልባሽ ብርድ ልብስ ሰፋሁት፣ 1,000 ብር። እስከ ወለሉ ድረስ የሚወርድ፣ በጎኑም ግድግዳውን የሚነካ ይሁን። መስኮቱ ላይ ብቻ የሚንጠለጠል አጭር መጋረጃ ቀዝቃዛውን አየር ከሥሩ ያፈስሰዋል። በበጋ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታደላ የደቡቡን መስኮት መጋረጃ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እገልጣለሁ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ እዘጋለሁ። ለሊሾው ከሱቅ የለመንኩትን ካርቶን ዘርግቼ ምንጣፉን በላዩ አነጠፍኩ። ከማሽኔ ሥር አጎዛ አለ። የበግ ቆዳ አሁን ገዢ አጥቶ በየበዓሉ ሲጣል ታያላችሁ። አንዱን አንሡና በጨውና በፀሐይ አድርቁት። ከሽሮ ሜዳ ቡልኮ ስለመግዛትም አስቤ ነበር፣ ግን እናቴ ያላት ጋቢ ድርብ ሲሆን በቃት።

በድምሩ 10,400 ብር ወጣ፣ የሂተሩ ኪሳራ ተጨምሮ። ከመደብኩት 400 አለፈ። ሂተሩን ባልገዛ 8,700 ነበር። ተከራይ ከሆናችሁና አከራያችሁ ኮርኒስ ካላስነካችሁ፣ ጎማውን፣ ማስቲሹን፣ መጋረጃውንና የውሃ ጎማውን ብቻ አድርጉ። 2,200 ብር ነው፣ ስትለቁም መጋረጃውንና የውሃ ጎማውን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የራሳችሁ ቤት ከሆነ ግን ከኮርኒሱ ጀምሩ። እኔ በሩን ያስቀደምኩት ዓይኔ ያየው እሱን ስለነበር ነው።

18 ዲግሪ አልደረስኩም። የቀረብኝ የእናቴ ክፍል የሰሜን ግድግዳ ነው። ምርጊቱ ተሰነጣጥቋል፣ ሰንደሉ እዚያ ጋ አሁንም ጎንበስ ይላል። ዘንድሮ ጥቅምት እንደገባ እናቴ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብላ ቅልጥም አስገዛችኝ፣ እኔ ደግሞ ጭድ ገዛሁ። ጭቃው ከረቡዕ ጀምሮ ግቢ ውስጥ እየቦካ ነው። ቅዳሜ ባለቤቴ ከመንገድ ይገባል፣ ያን ቀን እንመርገዋለን።